ምጣድ፣ ሽቦና ዐለት፦ የኤሌክትሪክ ተቃውሞና ፍሰት ከላሊበላ ማጀት ሲታዩ

በላሊበላ ማጀቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ወቅት የገና ሰሞን ነው። ልደት ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ሲከበር፣ ከላስታ ገጠርና ከሩቅ አገር በእግርም በመኪናም የመጣው ምእመን የነቢያትን ጾም የሚፈታው በዚያው በደብሩ ዙሪያ ነው፤ እንግዳ የሚያሳድር ቤትና ሆቴልም ከዋዜማው ቀደም ብሎ ምጣዱን ይጥዳል። በእንዲህ ያለ ምሽት ከትራንስፎርመር ርቀው በተሠሩ ቤቶች የሚሰማው ቅሬታ «መብራት ሄደ» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «መብራት ደከመ» የሚልም አለ። አምፖሉ ይበራል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል፤ ምጣዱ ግን አይግልም። ሊጡ ቢፈስበት ዓይን አያወጣም፤ እንጀራው ከምጣዱ ጋር ይጣበቃል፤ አንድ እንጀራ ይወጣበት የነበረው ጊዜ እጥፍ ይሆናል።

የሁለቱ አነጋገሮች ልዩነት የቃል ብቻ አይደለም። «ሄደ» የተቆረጠ ሰርኪዩት ነው፤ የሚፈስ ነገር የለም። «ደከመ» ግን ያልተቆረጠ ሰርኪዩት ነው፤ ፍሰቱ አለ፣ ነገር ግን የሚጠበቀውን ያህል ሙቀት በሚጠበቅበት ቦታ አያወርድም። ታዲያ የደከመው ምንድን ነው? ምንጩ ላይደክም ይችላል፤ በትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ ደንበኛው 220 ቮልት እንዳለ ይገኛል። ምጣዱም አዲስ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሽቦ ግን የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ድርሻውም ጎረቤት በጣደ ቁጥር ያድጋል። በመማሪያ መጻሕፍት በአንድ መስመር የሚታለፈው የኦም ሕግ ይህን ሁሉ ያስረዳል። ከዚያም አልፎ በየቤቱ የተለመደው መላ፣ ማለትም የምጣዱን ሽቦ ማሳጠር፣ ለአንድ ቤት ሠርቶ ለመንደር የማይሠራው ለምን እንደሆነ በአኃዝ ያሳያል።

ምጣዱ ራሱ

ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ዝምድና አጭር ነው። በአንድ አስተላላፊ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በጫፎቹ መካከል ካለው ቮልቴጅ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከአስተላላፊው ተቃውሞ ጋር ግን በተቃራኒው ይሄዳል። ቮልቴጁን በቮልት፣ ተቃውሞውን በኦም ወስዶ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈል ፍሰቱን፣ በተለምዶ ከረንት የሚባለውን፣ በአምፔር ይሰጣል። ተቃውሞ የሚባለው ነገር የሚመነጨው በብረቱ ውስጥ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች ከሚርገበገቡት አተሞችና ከባዕድ ቅንጣቶች ጋር በመጋጨታቸው ነው። በየግጭቱ የሚጠፋው ጉልበት ሙቀት ይሆናል። እንግሊዛዊው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳየው የሚመነጨው ሙቀት ከፍሰቱ ካሬና ከተቃውሞው ብዜት ጋር ይመጣጠናል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ሕግ ሆን ተብሎ ለጥቅም ያዋለ መሣሪያ ነው። ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ በጀርባው እየዞረ የሚሄድ ቦይ ይወጣለታል፤ በቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ የኒክሮም ሽቦ ይቀበራል። ኒክሮም የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ርዝመትና ውፍረት ካለው የመዳብ ሽቦ ከ60 እጥፍ በላይ ተቃውሞ አለው፤ ግሎ ቀይ ሲሆንም ተቃውሞው የሚጨምረው በጥቂት ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ምጣዱ ቀዝቃዛም ሆነ ትኩስ ተቃውሞውን እንደ አንድ ቁጥር መውሰድ ብዙ አያሳስትም። የድሮው ባለ ክር አምፖል ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ የተንግስተን ክሩ ሲበራ ያለው ተቃውሞ ሲቀዘቅዝ ካለው ከ10 እጥፍ ስለሚበልጥ እንዲህ በቀላሉ አይሰላም።

በገበያ ላይ ያለው ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈጃል። ለስሌት 3.5 ኪሎዋት የሚፈጅ ምጣድ ይወሰድ። በ220 ቮልት ይህን ያህል ለመፍጀት 15.9 አምፔር መሳብ አለበት፤ ተቃውሞውም 13.8 ኦም ይሆናል። የአንድ ሽቦ ተቃውሞ ከርዝመቱ ጋር የሚያድግ፣ ከውፍረቱ ስፋት ጋር የሚቀንስ በመሆኑ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኒክሮም በየሜትሩ 1.4 ኦም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 13.8 ኦም ለማግኘት ወደ 9.9 ሜትር የሚደርስ ሽቦ ያስፈልጋል። በዚያው ልክ መዳብ ቢቀበርበት ተቃውሞው ወደ 0.21 ኦም ይወርድና ሰርኪዩቱ ከ1000 አምፔር በላይ ይጠይቃል፤ ምጣዱ ከመሞቁ በፊት ብሬከሩ ይወርዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚያሰናክል ነጥብ አለ። «ተቃውሞ ሲበዛ ሙቀት ይበዛል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ፍሰቱ አንድ ሆኖ ሲቆይ፣ ማለትም ሁለት ተቃውሞዎች በተከታታይ በአንድ መንገድ ላይ ሲቀመጡ፣ ተቃውሞው የበዛው ይበልጥ ይሞቃል። ቮልቴጁ አንድ ሆኖ ሲቆይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ተቃውሞው ያነሰው ብዙ ፍሰት ስለሚስብ ይበልጥ ይሞቃል። ምጣዱ ከጎረቤት ምጣድ ጋር ሲነጻጸር ያለው ሁኔታ ሁለተኛው ነው፤ ከሚመግበው መስመር ጋር ያለው ግን የመጀመሪያው ነው። የላሊበላው ጥያቄ የሚከብደው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ነው።

መስመሩም ምጣድ ነው

የላስታ መልክዐ ምድር ለሽቦ አይመችም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ቤቶቹ በየጉብታው ተበታትነዋል፤ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ቤት ሸለቆ ተሻግሮ ይገኛል። የመካከለኛው ቮልቴጅ መስመር፣ በኢትዮጵያ በአብዛኛው 15 ወይም 33 ኪሎቮልት የሆነው፣ እስከ ትራንስፎርመሩ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ርቀት የሚሸፍነው ዝቅተኛው ቮልቴጅ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከትራንስፎርመር 500 ሜትር ርቆ የሚገኝ የቤቶች ስብስብ ይታሰብ፤ የሚመግበው 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ሽቦ ነው። ፍሰቱ በፌዙ ሄዶ በኒውትራሉ መመለስ ስላለበት የሚጓዘው 500 ሳይሆን 1000 ሜትር ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአሉሚኒየም የራሱ ተቃውሞ ሲታሰብ መንገዱ 1.12 ኦም ይሆናል። ከምጣዱ 13.8 ኦም አንጻር ሲታይ ከአሥር አንድ የማይሞላ ስለሆነ የሚናቅ ይመስላል።

አንድ ምጣድ ብቻ በተጣደበት ሰዓት በእርግጥም ጉዳቱ መጠነኛ ነው። ሁለቱ ተቃውሞዎች ይደመራሉ፤ ፍሰቱ ከ15.9 ወደ 14.7 አምፔር ይወርዳል፤ ምጣዱ የሚደርሰው 203 ቮልት ገደማ ነው። የምጣዱ ሙቀት ግን የሚወሰነው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ ከ3.5 ወደ 3.0 ኪሎዋት ያሽቆለቁላል፤ 7 ከመቶ ተኩል የሆነ የቮልቴጅ ቅናሽ 14 ከመቶ የሙቀት ቅናሽ አመጣ። መስመሩ ራሱ ወደ 240 ዋት የሚሆን ሙቀት በአየር ላይ ይበትናል።

ሁለተኛው ጎረቤት ሲጥድ የሚሆነው ለጉዳዩ ዋናው ነው። ሁለቱ ምጣዶች ጎን ለጎን ስለተያያዙ የጋራ ተቃውሟቸው በግማሽ ይቀንሳል፤ 6.9 ኦም ይሆናል። የመስመሩ 1.12 ኦም ግን ባለበት ይቆያል። ጎን ለጎን የሚጨመር ምጣድ ሁሉ የጭነቱን ተቃውሞ እያሳነሰ የመስመሩን ድርሻ ያሳድጋል። ውጤቱ ሲሰላ በሁለት ምጣድ እያንዳንዱ ቤት 189 ቮልትና 2.6 ኪሎዋት፣ በሦስት ምጣድ 177 ቮልትና 2.27 ኪሎዋት፣ በአራት ምጣድ ደግሞ 166 ቮልትና 2.0 ኪሎዋት ያገኛል። በመስመሩ ላይ የሚባክነው ከ240 ዋት ተነሥቶ 840፣ 1650፣ በመጨረሻም ወደ 2590 ዋት ይደርሳል። አራት ሴቶች በአራት ማጀት ሲጋግሩ አምስተኛ ምጣድ በምሰሶዎቹ መካከል ተጥዷል ማለት ነው፤ ያውም ከአራቱ ከእያንዳንዳቸው የበለጠ የሚግል፣ ማንም የማይጋግርበት ምጣድ።

ስሌቱ እስከ ጫፉ ቢገፋ የሚገርም ነገር ይወጣል። መስመሩ ለሁሉም ምጣዶች በጠቅላላ ሊያደርስ የሚችለው ሙቀት ከፍተኛ የሚሆነው የምጣዶቹ የጋራ ተቃውሞ ከመስመሩ ተቃውሞ ጋር ሲተካከል ነው፤ በዚህ ምሳሌ 12 ምጣድ ገደማ ሲጣድ። በዚያን ጊዜ ቮልቴጁ ወደ 112 ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ምጣድ 900 ዋት ብቻ ይደርሰዋል፤ መስመሩ ደግሞ ከ10 ኪሎዋት በላይ ያቃጥላል። ከዚያ ወዲያ አንድ ተጨማሪ ምጣድ መጣድ የመንደሩን ጠቅላላ ሙቀት ጭምር ይቀንሳል። በተግባር እዚያ ከመደረሱ በፊት ፊውዝ ይቃጠላል፤ ፊውዙ በወፍራም ሽቦ ካልተተካ በስተቀር።

ምጣድ ደግሞ በ2 ኪሎዋት ሲሠራ «ቀስ ብሎ የሚጋግር ምጣድ» ብቻ አይደለም። እንጀራ በደንብ እንዲወጣ የምጣዱ ፊት ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። የጋለ ሸክላ በጎኑም፣ በሥሩም፣ አክንባሎው በተነሣ ቁጥርም ሙቀት ያጣል። ይህ ኪሳራ በቮልቴጁ መድከም አይቀንስም፤ አስቀድሞ የሚወሰድ ድርሻ ነው። ለሊጡ የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ያለው ብቻ ስለሆነ ምጣዱ 43 ከመቶ ሙቀት ሲያጣ ሊጡ የሚያጣው ከዚያ ይበልጣል። ቆጣሪው ግን ለሊጡም ለማጀቱ አየርም እኩል ይቆጥራል። በሌላ በኩል የዛሬዎቹ ኤልኢዲ አምፖሎች ብዙዎቹ በሰፊ የቮልቴጅ ክልል ብርሃናቸውን የሚጠብቅ ኤሌክትሮኒክ ክፍል አላቸው፤ መብራቱ ደህና እየበራ ምጣዱ «የሚለግመው» በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጉድለት ሲለካም ይደበቃል። ጥገና የተጠራ ሙያተኛ ምጣዱን ነቅሎ ሶኬቱን በዲጂታል መለኪያ ሲለካ፣ ጎረቤቶችም በዚያ ሰዓት ካልጣዱ፣ 220 ቮልት ያገኛል፤ «መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከምጣዱ ነው» ብሎ ይሄዳል። መለኪያው አልዋሸም። የመለኪያው የራሱ ተቃውሞ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ የሚስበው ፍሰት ከ1 አምፔር 22 ሚሊዮንኛ ገደማ ነው፤ እንዲህ ባለ ኢምንት ፍሰት 1.12 ኦም ምንም የሚታይ ቮልቴጅ አይወስድም። መስመር የሚፈተነው ምጣዱ ተጥዶ፣ ቢቻል በዋዜማ ምሽት ነው።

ሽቦውን ማሳጠር

የምጣድ ሽቦ በአገልግሎት ብዛት ይበጠሳል። የተበጠሰውን አዲስ መግዛት ወጪ ስለሆነ ጫፎቹን ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው፤ በቅጥያው ሽቦው ያጥራል። ብዙዎች ታዲያ ከጥገናው በኋላ ምጣዱ «እንደ አዲስ ጋለ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ያጠረ ሽቦ ያነሰ ተቃውሞ ነው፣ ያነሰ ተቃውሞም በአንድ ቮልቴጅ የበዛ ፍሰት። መብራት በደከመበት ሰፈር ሳይበጠስም ሽቦውን ቀንሶ መቅበር እንደ መላ መታየቱ ከዚህ ይነሣል።

ከ9.9 ሜትሩ 1.5 ሜትር ይቆረጥ፤ ተቃውሞው ወደ 11.8 ኦም ይወርዳል። በዚያው 500 ሜትር መስመር ላይ ብቻውን የተጣደ ምጣድ ከ3.0 ወደ 3.4 ኪሎዋት ያድጋል፤ ፋብሪካው ያሰበለትን ሊደርስ ምንም አይቀረው። አራት ምጣድ በተጣደበት ምሽት አንዱ ቤት ብቻ ቢያሳጥር ደግሞ የእሱ ምጣድ ከ2.0 ወደ 2.3 ኪሎዋት፣ ማለትም በ15 ከመቶ፣ ከፍ ይላል። ሦስቱ ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው ወደ 40 ዋት ያጣሉ፤ ይህን የሚያስተውል የለም። መላው ሠርቷል።

መላው መልካም ስለሆነ ግን በአንድ ቤት አይቀርም። አራቱም ቢያሳጥሩ ቮልቴጁ ከ166 ወደ 159 ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ቤት የሚያገኘው 2.16 ኪሎዋት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ቤት ያየው የ15 ከመቶ ጭማሪ ለሁሉም ሲደርስ 8 ከመቶ ብቻ ሆነ። በመስመሩ ላይ የሚባክነው በአንጻሩ ከ2590 ወደ 3290 ዋት፣ በ27 ከመቶ፣ ጨመረ። ተቃውሞን ቀንሶ ብዙ ፍሰት መሳብ ችግሩን ያመጣውን ነገር መልሶ መመገብ ነው፤ መስመሩ ምን ያህል እንደሚወስድ የሚወስነው ያው ፍሰት ነውና። ማንም ቤት ብቻውን ሽቦውን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ምክንያት የለውም፤ የመለሰ ከጎረቤቶቹ ያነሰ ይደርሰዋል። በአንድ የግጦሽ መሬት ላይ እያንዳንዱ አንዲት ላም ሲጨምር የሚደርሰው ሁሉ እዚህ በኦም ተጽፎ ይገኛል።

ሌላም ዕዳ አለ። በዓሉ አልፎ፣ ሌሊቱ ገፍቶ ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ ያጠረው ሽቦ 18.7 አምፔር ይስባል። ከ4.1 ኪሎዋት በላይ የሚሆነውን ሙቀት የሚሸከመው ቀድሞ 3.5 ይሸከም ከነበረው ባጠረ ሽቦ ነው፤ በየሜትሩ ሲሰላ ጭማሪው 38 ከመቶ ነው። ኒክሮም የሚቀልጠው 1400 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ወዲያው አይቀልጥም፤ ነገር ግን ከመጋል ብዛት የሚከላከልለት የኦክሳይድ ቅርፊት ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ሽቦው ይሳሳል። በሳሳበት ቦታ ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ ያው ፍሰት በሁሉም በኩል የሚያልፍ ስለሆነ፣ ይበልጥ የሚግለው የሳሳው ነው። በመጨረሻም እዚያው ይበጠሳል፤ እንደገና ይቀጠላል፤ እንደገና ያጥራል።

የተጠመዘዘው ቅጥያም የራሱ ታሪክ አለው። ሁለት ሽቦዎች ሲጠማዘዙ የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ነው። ቅጥያው 0.2 ኦም ብቻ ቢኖረው በ15.9 አምፔር 50 ዋት ገደማ ሙቀት በአንድ የጥፍር ስፋት ላይ ይፈጠራል። በምጣዱ ውስጥ ሲሆን ሸክላውን ይሰነጥቃል፤ በሶኬት ወይም በግድግዳ ሽቦ ቅጥያ ላይ ሲሆን ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ አንዳንዴም ጣሪያው ድረስ የሚሄድ እሳት ይሆናል። ብሬከሩ ይህን አያውቅም፤ ፍሰቱ ከተፈቀደለት አላለፈምና።

ከመንደሩ ወገን ሳይሆን ከመስመሩ ወገን የሚመጣው መፍትሔ የተለየ ነው። የዝቅተኛውን ቮልቴጅ ርቀት ከ500 ወደ 250 ሜትር መቀነስ፣ ወይም በዚያው ርቀት እጥፍ ስፋት ያለው ሽቦ መዘርጋት፣ የመስመሩን ተቃውሞ ወደ 0.56 ኦም ያወርደዋል። አራት ምጣድ ሲጣድ እያንዳንዱ ቤት 2.6 ኪሎዋት ያገኛል፤ ይህም በረጅሙ መስመር ላይ ሁለት ቤቶች ብቻ ሲጥዱ የሚያገኙት ነው። መስመሩን ማሳጠር ጎረቤትን በግማሽ የመቀነስ ያህል ይሆናል። ትራንስፎርመሩን ወደ ሸማቹ ማቅረብ የሚያዋጣው የመካከለኛው ቮልቴጅ መስመር ርቀትን በቀላሉ ስለሚሸከም ነው፤ ያንኑ ኃይል በ220 ፈንታ በ15000 ቮልት ማጓጓዝ ፍሰቱን ወደ 68ኛ እጅ ስለሚያወርደው፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የሚባክነው 4600 ጊዜ ገደማ ያንሳል።

ከሁሉ ርካሹ ግን ቤቶችን በሦስቱ ፌዞች ማመጣጠን ነው። ሦስት ምጣዶች በአንድ ፌዝ ላይ ሲያርፉ እያንዳንዱ 2.27 ኪሎዋት ያገኛል ተብሏል። ሦስቱ በሦስት ፌዝ ቢከፋፈሉ በኒውትራሉ የሚመለሱት ፍሰቶች እርስ በርስ ስለሚጣፉ እያንዳንዱ ምጣድ የሚከፍለው ለአንድ ሽቦ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ ድርሻውም ወደ 3.2 ኪሎዋት ያድጋል። አዲስ ሽቦ አልተገዛም፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሁለት መያዣዎችን መቀያየር ብቻ ነው። መስመር ሲዘረጋ ተመጣጥኖ የነበረ ሰፈር አዲስ ቤት በተጨመረ ቁጥር ለሠራተኛው በቀረበው ፌዝ ላይ እየተንጠለጠለ ሚዛኑን ያጣል።

ዐለቱ

በላስታ ሦስተኛ ተቃውሞ አለ፤ እሱም በመሬት ውስጥ ያለው ነው። ምጣዱ የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ጎን የተላጠ ሽቦ ቢነካው ፍሰቱ ወደ መሬት የሚሄድበት ቀላል መንገድ ሊኖረው ይገባል። የመሬት ሽቦ ዓላማ ሌሎቹ ሁለቱ ከተባሉት ይለያል፤ እዚህ ትልቅ ፍሰት የሚፈለግ ነው። መንገዱ ዝቅተኛ ተቃውሞ ካለው ፍሰቱ በቅጽበት ያሻቅብና ብሬከሩ ይወርዳል።

እርጥብ ሸክላማ አፈር ለዚህ ይመቻል። በዚያ ዓይነት አፈር ውስጥ 1.5 ሜትር የተቀበረ የብረት ዘንግ ወደ 30 ኦም ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ 20 እጥፍ ተቃውሞ ባለው ደረቅ ዐለታማ መሬት ውስጥ ግን ያው ዘንግ፣ መግባት ከቻለ፣ ወደ 600 ኦም ያደርሳል። የላሊበላ ሕንፃዎች የተፈለፈሉበት የእሳተ ገሞራ ዐለት መዶሻና መሮ ለያዘ ጠራቢ የተመቸውን ያህል ዘንግ ለሚቀብር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይመችም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ስፍራ አካባቢ ጉድጓድ መቆፈርም የራሱ ጥንቃቄ አለው።

600 ኦም ባለው መሬት ላይ ፌዙ የምጣዱን ጎን ቢነካ የሚፈሰው 0.36 አምፔር ገደማ ነው። 20 አምፔር የሚጠብቅ ብሬከር ይህን ከአንድ አምፖል አይለየውም፤ አይወርድም። የቆርቆሮው ጎን ወደ 220 ቮልት ተጠግቶ ይቆያል። ሊጥ የነካው እጅና በባዶ እግር የተረገጠ እርጥብ ወለል የሰውን አካል ተቃውሞ ወደ 1500 ኦም ካወረዱት በጋጋሪዋ አካል የሚያልፈው 150 ሚሊአምፔር ያህል ነው፤ ልብን ለማወክ ከ30 ሚሊአምፔር ጀምሮ ያለው አስጊ ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ጥበቃው በብሬከርና በመሬት ዘንግ ብቻ ሊቆም አይችልም። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው ፍሰት በ30 ሚሊአምፔር ሲለያይ የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልጋል፤ ለዚህ መሣሪያ 600 ኦም ከበቂ በላይ ዝቅተኛ ነው።

የመሬት ተቃውሞ ደግሞ እንደ ምጣዱ ሽቦ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፤ ከእርጥበት ጋር ይወጣል ይወርዳል። በነሐሴ ዝናብ የተለካ ዘንግ ጥሩ ቁጥር ይሰጣል። ምጣዶቹ ሁሉ የሚጣዱት ግን በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ዝናቡ ከቆመ ወራት ሲያልፉ፣ ዐለቱ በደረቀበት ጊዜ ነው። መለኪያውም መውጣት ያለበት በዚያው ሰሞን ነው።